ዳዊት ያልደወለበት ሳምንት

ማክሰኞ፣ ኅዳር 2

ዛሬም አልደወለም።

እሑድ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ ልጃችን ዳዊት ሳይደውል በዚህ ቤት እራት ቀርቦ አያውቅም። ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲህ ነው የኖርነው። ያለፈው እሑድ ጠብቀን ጠብቀን ወጡ በረደ። ትናንትም የለም። ዛሬ ከጧት ጀምሮ ስምንት ጊዜ ሞከርኩ፤ ስልኩ ውስጥ ያለችው ሴት ከአገልግሎት ክልል ውጭ ነው ትለኛለች፣ ረጋ ብላ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ። ሰድቤ ዘጋሁባት።

ትርንጎ «ኔትወርክ ነው» ትላለች። እኔም «አዎ፣ ኔትወርክ ነው» እላለሁ። ሚስቴን ከዋሸኋት ብዙ ዓመት ሆኖኝ ነበር።

እውነቱን እዚህ ደብተር ላይ ልጻፈው። ልጁን ወደዚያ በረሃ የሰደድኩት እኔ ነኝ። ቅየሳ ተምሮ ሲጨርስ ሁለት ሥራ አገኘ፤ አንዱ እዚሁ ደብረ ታቦር ቢሮ ውስጥ፣ ሌላው አፋር ውስጥ በሚሠራ መንገድ ላይ። እናቱ «አንድ ልጄ ነህ፣ እዚሁ ሁንልኝ» አለችው። እኔ ደግሞ «ሂድና እየው፤ ያንን አገር ሳታይ አትሙት» አልኩት። በዚህ ቃል ነው ያልኩት። ከእሑድ ማታ ጀምሮ ይህ ቃል ጆሮዬ ላይ ይጮኻል።

ረቡዕ፣ ኅዳር 3

ብርድ ነው። ጧት ጓሮ ስወጣ ጎመኑ ላይ አመዳይ ተጋግሯል። ጉልበቴ አልታዘዝ ሲለኝ፣ እንደ ሁልጊዜው፣ የዚያ አገር ሙቀት ናፈቀኝ።

አሥራ አንድ ዓመት ነው አፋር የኖርኩት፣ የውሃ ጉድጓድ መቆፈሪያ ማሽን መካኒክ ሆኜ። ስሄድ የሃያ ስድስት ዓመት ጎረምሳ ነኝ፤ ከጉና ተራራ ሥር ወጥቼ ከጭጋግ በቀር የማላውቅ። የመጀመሪያውን ወር እሞታለሁ ብዬ ነበር። በስድስተኛው ወር ለዕረፍት ወደዚህ ስመጣ ግን ቤቱም፣ ዛፉም፣ ተራራውም ተደራርቦ ትንፋሽ አሳጠረኝ። እዚያ ሁለት ቀን ሙሉ ተነድቶ አንድ ጎጆ ላይታይ ይችላል። ሰው ከሩቅ ሲመጣ ነጥብ ነው። ሻይ አፍልተን፣ ጠጥተን፣ ብርጭቆውን አጥበን ስንጨርስ ገና ነጥብ ነው። አንድ ሰው ሲመጣ እንደዚያ የሚናፈቅበት ሌላ አገር አላየሁም።

ሲደርስም ዝም ብሎ አያልፍም። ይቀመጣል። ውሃ እንኳ ሳይቀምስ አንዱ ይጠይቃል፣ ሌላው ይመልሳል፤ ከዚያ ተራ ይለዋወጣሉ። የት ዘነበ? የማን ግመል ጠፋ? ማን ወለደ? ማን ሞተ? መንገድ ላይ የማንን ዱካ አየህ? ዳጉ ይሉታል። ያዩትን መደበቅ ነውር ነው፤ ያላዩትን መጨመር የባሰ ነውር። በዳጉ የዋሸን ሰው ቃሉን ሁለተኛ የሚቀበለው የለም። ይህንን ለሰፈሩ ሰው አውርቼ አውርቼ ስሜን «ጋሽ ዳጉ» አስብያለሁ።

አሁን የዛሬው። ከሰዓት በኋላ ደጃፍ ላይ ቁጭ ብዬ ሳለሁ ጎረቤታችን አስካለ በሩን ገፋ አድርጋ ገባች። እኔን ስታይ ቆመች።

«ጋሽ ሙሉጌታ፣ አሉ እንዴ?» አለችኝ።

ቤቴ ነው፤ የት ልሆን ኖሯል። «ትርንጎ ውስጥ ናት፣ ግቢ» አልኳት። «አይ፣ የረሳሁት ነገር አለ» ብላ ተመለሰች። ለጸሎት ወደ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ወጣ ብዬ ስመለስ ግን መጥታ ሄዳለች። የትርንጎንም ስልክ ወስዳዋለች፤ «ድምፁ ይቆራረጣል፣ ወንድሜ ሱቅ ላሠራልሽ» ብላ። ስልኩ ድምፁ ተቆራርጦ አያውቅም።

ሐሙስ፣ ኅዳር 4

አያ ደምሌን መንገድ ላይ አገኘሁት። የእድራችን ሰብሳቢ ነው፤ ሰባ ዓመት አልፎታል፣ አሁንም ዳገቱን በእግሩ ነው የሚወጣው። ሰላምታው ረዘመብኝ። ስለ ጉልበቴ ጠየቀኝ። ስለ ጤፉ አጨዳ ጠየቀኝ። ከዚያ ድንገት «ትርንጎ የግፊት መድኃኒቷን በደንብ ትውጣለች?» አለኝ።

«ትውጣለች። ምነው?»

«አይ፣ እንዲያው ነው። እንዳታቋርጥ። በዚህ ሰሞን እንዳታቋርጥ።»

ለምን በዚህ ሰሞን? በአገሩ ደንብ ቢሆን «እሺ» ብዬ ማለፍ ነበረብኝ። አላለፍኩም። «አያ ደምሌ፣ ስለ ዳዊት የሰሙት ነገር አለ? ካለ ይንገሩኝ፤ እኔ እችላለሁ» አልኩት።

«ዳዊትማ ደህና ነው» አለ። «ደህና ነው፤ ምን ይሆናል?» ብሎ ደገመው። ዓይኑን ግን ከጫማዬ ላይ አላነሳም።

እዚህ አገር ሞቶ ሳለ ደህና ነው ያልተባለ ማን አለ? አባቴ ከተቀበረ በሦስተኛው ቀን ከአፋር ስመጣ መናኸሪያ ላይ የተቀበሉኝ ሦስት የሰፈር ሰዎች «አባትህ ደህና ነው፣ ትንሽ አሞት ተኝቷል» እያሉ አሳድረውኝ ነው ጧት ያረዱኝ። መርዶ በማለዳ ነው፤ እስከዚያ ሁሉም ሰው ደህና ነው።

ዐሊ ትዝ አለኝ። መንገድ መሪያችን ነበር፤ ቀጭን፣ ጥርሱን በመፋቂያ ሲፍቅ የሚውል፣ ነገር ሲጥመው ብቻ የሚስቅ። አንድ ቀን ከአፍዴራ ወዲያ አንድ ባለ ግመል አገኘን፤ ተቀመጡ፣ ዳጉ ጀመሩ። ሰውየው ዝናቡን ተናገረ፣ ግጦሹን ተናገረ፣ ቀጥሎ የዐሊ ታናሽ ወንድም ከአራት ቀን በፊት መሞቱን ተናገረ። በዚያው ድምፅ። ዐሊ እጁን ዘርግቶ አጭር ጸሎት አደረገ። ከዚያ የት እንደተቀበረ ጠየቀ። ከዚያ ፍየሎቹ የት እንዳሉ ጠየቀ። ሰውየው ሲሄድ ነው ከመኪናው ጥላ ሥር ተጠቅልሎ ተኝቶ ያለቀሰው። ያኔ ጭካኔ መስሎኝ ነበር። ዛሬ አንድ ሰው መጥቶ ፊቴ ተቀምጦ በዚያው ድምፅ ቢነግረኝ እግሩን እስመው ነበር።

ዓርብ፣ ኅዳር 5

ያየሁትን ሳልጨምር ሳልቀንስ ልጻፍ።

አንድ። የእድሩ ድንኳን ከዕቃ ቤት ወጥቶ አጥር ላይ ተሰጥቷል።

ሁለት። ሁለት ሰዎች ብረቶቹን ይቆጥራሉ። ሲያዩኝ መቁጠሩን አቆሙ።

ሦስት። «ማን ሞተ?» አልኳቸው። «ኧረ ማንም! ብል እንዳይበላው ነው ጋሼ» አሉኝ። አብረው ነው የመለሱት፣ እንደ ተማሪ።

አራት። ባለፈው መስከረም ነው ያናፈስነው። እኔው ነኝ ያጠፍኩት።

ለትርንጎ አልነገርኳትም።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 6

ዛሬ ስልኩ ጠራ!

ገበያ ውስጥ ነበርኩ፣ በርበሬ ተራ። እንዲያው ልማድ ሆኖብኝ ደወልኩ፤ ጠራ። ጠርቶ ጠርቶ ማንም ሳያነሳው ቆመ። እንደገና ደወልኩ፤ ጠራ፣ አልተነሳም። በሦስተኛው ተዘጋ። ክልል ውስጥ ገብቷል ማለት ነው። ታዲያ ልጄ የአባቱን ቁጥር አይቶ አያነሳም? ዳዊት? መታጠቢያ ቤት ሆኖ እንኳ የሚያነሳ ልጅ? ስልኩን የያዘው ሌላ ሰው ነው ብዬ አሰብኩ። የሞተ ሰው ዕቃ ሲሰበሰብ ስልኩም ይሰበሰባል። በርበሬውን ሳልገዛ ተመለስኩ።

ቤት ስደርስ የንስሐ አባታችን ተቀምጠዋል። የሚመጡት በወር መጀመሪያ ነው፤ ዛሬ ምን አመጣቸው? ጠላ ቀርቦላቸው አልነኩትም። ትርንጎ እንዝርቷን ይዛ ትፈትላለች፤ ለወንድሟ ለአለባቸው ጋቢ ልታሠራ ነው። «ወንድምዓለም» ነው የምትለው፤ እናትና አባታቸው ሲሞቱ ከትምህርት ቤት ወጥቶ ያሳደጋት እሱ ነው። መተማ ወርዶ ሰሊጥ እያረሰ ይኖራል፤ ለጥምቀት ይመጣል።

«ወንድምሽን መቼ ነው ያየሽው?» አሏት አባ።

«አምና ለጥምቀት ነዋ አባቴ። ዘንድሮ እንዳይቀር ብዬ ምዬ አስምዬዋለሁ።»

አባ መስቀላቸውን አሳለሟትና ቶሎ ተነሡ። እኔን ሲያሳልሙኝ እጃቸው ትከሻዬ ላይ ቆየ። ልጃቸው የሞተባቸውን ሰዎች እንዲህ ነው የሚይዙት ብዬ አሰብኩ።

ከጋሸና ወዲያ መንገዱ ከረቡዕ ጀምሮ ተዘግቷል ይላሉ። ለምን እንደተዘጋ ማንም አይጠይቅም፤ መቼ እንደሚከፈት ብቻ ነው የሚጠየቀው። መንገዱ ክፍት ቢሆን ነገ በማለዳ ተሳፍሬ እሄድ ነበር።

እሑድ፣ ኅዳር 7

ቅዳሴ ላይ ሰው ቦታ ለቀቀልን። ሴቶቹ ትርንጎን ይስሟታል፤ ሦስት ጊዜ ሲበቃ አራት፣ አምስት። እሷ ደስ ብሏት «ዛሬ ምን ሆነው ነው እንዲህ የወደዱኝ?» አለችኝ በመንገድ። ምን ልበላት? «ነጠላሽ አምሮባቸው ነው» አልኳት። ሳቀች። ሠላሳ ዓመት አብሬያት ኖሬ ሳቋን መስማት እንዲህ ያስፈራኝ ቀን የለም።

አስካለ ቤት አምስት ሴቶች ባቄላና ስንዴ ሲለቅሙ በአጥሩ ቀዳዳ አየሁ። ለንፍሮ ነው። ሌላ ለምን ይሆናል።

ከሰዓት በኋላ ከቤት መዋል አልቻልኩም። ወደ ጉና በሚያወጣው መንገድ ወጣ ብዬ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ታች ስንዴው እየታጨደ ነው። እያየሁት አላየሁትም። ያየሁት ያንን የጨው ሜዳ ነው። ዐሊና እኔ አንድ ጊዜ የማሽን ዕቃ ተበላሽቶብን መኪናው እስኪመለስ ሦስት ቀን ብቻችንን ቀረን። ሦስት ቀን ምንም የለም። አንድ ወፍ አላለፈም። ጧት ጧት ሙቀቱ ሳይነሳ ሜዳው ላይ እንራመዳለን፤ ከእግራችን ሥር ጨው ይንኮሻኮሻል፣ ከዚያ በቀር ድምፅ የለም። በሁለተኛው ቀን የራሴን ልብ ምት ሰማሁ። ፈራሁና ለዐሊ ነገርኩት። «እኛ ሁልጊዜ እንሰማዋለን፤ እናንተ አገር ጩኸት በዛ» አለኝ። በሦስተኛው ቀን መኪናው ሲመጣ አዘንኩ። እውነቴን ነው፣ ለምን መጣብኝ አልኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም፤ ሠርጌም ጨምሮ። ለትርንጎ ይህን እንዳታነቡላት።

ይህንን ነው ለልጄ ስተርክለት የኖርኩት። ውሃ ጥም የገደላቸውን ሁለት ሾፌሮች ግን አልተረክሁለትም። ሙቀቱ አእምሮውን ያሳተውን ወጥ ሠሪያችንን አልተረክሁለትም። የጣፈጠውን መርጬ ሰጠሁት። በዳጉ ቢሆን ውሸታም ተብዬ ነበር።

አንድ ሰዓት ሆነ። አልደወለም። ትርንጎ «ነገ ይደውላል» ብላ እራት አቀረበች።

ሰኞ፣ ኅዳር 8

መንገዱ ትናንት ማታ ተከፍቷል። በማለዳ መናኸሪያ ወረድኩ። ከአፋር ጨው የጫነ መኪና ዳገቱ ሥር ቆሞ ሾፌሩ ጎማ ያያል። አርባ ዓመት ቢሆነው ነው፤ ፊቱ በዚያ ፀሐይ የተጠበሰ።

እኔም አላንገራገርኩም። ሻይ አዘዝኩለት፣ ድንጋይ ላይ አስቀመጥኩት፣ ጀመርኩ። የት ዘነበ? ሙቀቱ እንዴት ነው? መንገድ ላይ ማንን አየህ? ሳቀ። «አባቴ፣ ዳጉ ያውቃሉ እንዴ?» አለኝ። አሥራ አንድ ዓመት እንደኖርኩ ነገርኩት። በዚህ ጊዜ ከአፉ ማር ፈሰሰ። ሎግያ ላይ ጎርፍ መጥቶ እንደነበር፣ የውሃ ዋጋ፣ የአንድ ጓደኛው መኪና መገልበጥ፣ ሁሉንም። የቀያሾቹን ሰፈር ጠየቅኩት። «አውቃቸዋለሁ፣ በየሳምንቱ በእነሱ በኩል ነው የማልፈው» አለ።

«ዳዊት ሙሉጌታ የሚባል ልጅ ታውቃለህ? ረጅም፣ ጠይም። እኔ አባቱ ነኝ።»

ሻዩን አስቀመጠው። ግማሽ ነበር።

«አላውቅም አባቴ» አለ።

«በየሳምንቱ አልፋለሁ ብለሃል እኮ።»

«ብዙ ልጆች ናቸው፤ በስም አልይዛቸውም።» ተነሣ፣ ጎማውን በእግሩ መታ መታ አደረገ፣ ሞተሩን አስነሳ። ወደ መስኮቱ ጠጋ ብዬ «ወንድሜ፣ በምታምነው ይሁንብህ፣ ልጄ ሞቷል ወይስ አለ?» አልኩት። ቀና ብሎ አየኝ። ዓይኑ ውሃ ሞላ። «ቤትዎ ይግቡ፤ ይነግርዎታል የሚነግርዎ» ብሎኝ ነዳ።

እስካሁን ጥርጣሬ ነበር። አሁን አበቃ። ልጄ ሞቷል።

ቤት ገብቼ ትርንጎን አየኋት። ለዳዊት ያኖረችውን በሶ ፀሐይ ላይ ታናፍሳለች። ጓሮ ዞሬ ጎመን ላይ ተንበርክኬ አረም የምነቅል መሰልኩ። አፈር በእጄ ይዤ አለቀስኩ። ነገ ይመጣሉ፤ ነገ ካልሆነ ከነገ ወዲያ። የራሴን መርዶ አውቄ እሷን የማረዳት እኔ እንዳልሆን ብቻ ነው የምለምነው።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

ዛሬ ጽሑፌ አያምርም።

ሦስት ሰዓት ላይ አያ ደምሌ ሰው ላከብኝ። ሄድኩ። ሳሎኑ ውስጥ አያ ደምሌ፣ የንስሐ አባታችንና ሁለት የእድር ሽማግሌዎች ተቀምጠዋል። ገና ስገባ ተነሡልኝ። ግድግዳ ያዝኩ።

«ተቀመጥ» አለኝ አያ ደምሌ።

«ቆሜ እሰማለሁ። ልጄን የት ቀበራችሁት?»

ሰዎቹ ተያዩ። «የማንን ልጅ?» አለ አያ ደምሌ።

«ዳዊትን ነዋ!»

«በስመ አብ በል! ዳዊትን ምን ነካው? አለባቸው ነው እንጂ። የትርንጎ ወንድም። የዛሬ አሥር ቀን፣ ቅዳሜ፣ መተማ ላይ አረፈ። ወባ ነው የጣለው፤ እዚያው ቀብረውታል።»

እንግዲህ የመጣውን ልጻፈው፤ ይህ ደብተር ካልያዘልኝ ማን ይይዝልኛል። «ተመስገን» አልኩ። ጮክ ብዬ። ሰው ሞተ ሲሉኝ፣ ያውም ሚስቴን ያሳደገ፣ በሠርጌ ዕለት ፈረሱን ያዋሰኝ ሰው፣ ተመስገን አልኩ። አባ አንገታቸውን ደፉ። ከዚያ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ለማን እንዳለቀስኩ አላውቅም።

«ደህና ነው ብዬህ ነበር እኮ» አለኝ አያ ደምሌ ቆይቶ።

ብሎኛል። ሁለት ጊዜ።

«ታዲያ ለምን አልነገራችሁኝም? ባሏ አይደለሁም?»

«ለአንተ? የአስካለን አባት ሞት ወፍጮ ቤት በር ላይ እግዜር ያጽናሽ ብሎ ያረዳት ማን ነው? እህል ተሸክማ፣ ብቻዋን፣ በሰው መሀል?»

የሰማች መስሎኝ ነበር። ባትሰማም መስማት መብቷ ነው ብዬ ነበር፤ እዚያ ባሳለፍኩት ዕድሜ ነዋ የምመራው። አስካለ ግን እዚያው ወድቃ ጥርሷ ተሰብሯል። እኔን ስታይ ከበር የምትመለሰው ለካ ወሬውን ፈርታ አይደለም፣ አፌን ነው።

አያ ደምሌ የቀረውንም ነገረኝ። ያለ ልጇ አናረዳትም ብለው ለዳዊት ነግረውት ኖሯል፤ መኪና አግኝቶ ሲነሳ ረቡዕ መንገዱ ተዘጋበት። እንዳይደውልም ያስማሉት እነሱ ናቸው፤ ድምፁ ያሳብቅበታል ብለው። የጨው መኪናው ሾፌር እሱን ነው ያመጣው። ሌሊቱን እዚሁ አድሯል።

የጓዳው መጋረጃ ተገለጠና ወጣ።

ጠቁሯል። ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል። አቅፌው አልለቅም አልኩ፤ አንገቱ ሥር የዚያ አገር ሽታ አለ፣ አቧራና ጨው። «አባዬ፣ ስትደውል ስልኩን እያየሁት ነበር» አለኝ። «ባነሳው ታውቅብኛለህ ብዬ ነው። ይቅር በለኝ።» ለአጎቱ አልቅሶ ድምፁ ጠፍቷል። ዳግመኛ ተመስገን አልኩ፤ አሁን በልቤ።

ነገ በማለዳ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እንመጣለን አሉኝ፤ ዳዊትም አብሮ። እስከዚያ እዚያው ይቆያል። «ቻለው» አለኝ አያ ደምሌ በር ላይ። «አንድ ቀን ነው፤ ቻለው።»

እሺ ብዬ መጣሁ። ግን ፊቴን ማን ይከልክለው? ትርንጎ በር ላይ አየችኝና እጇ ላይ ያለውን ወንፊት ጣለችው።

«ደወለ! ልጄ ደወለ አይደል? ስምንት ቀን ሙሉ አመድ የነፉብህ መስለህ ከርመህ ዛሬ ፊትህ በራ!»

ለካ ስታየኝ ከርማለች። «አዎ» አልኳት። «ደህና ነው። ነገ ይመጣል።»

አንድም ቃል ውሸት የለበትም። እልልታዋን አቀለጠችው። በአጥሩ በኩል «አስካለ! ኧረ አስካለ! ልጄ ነገ ሊገባ ነው!» ብላ ተጣራች። ሴቶቹ ከባቄላው ላይ ተነሥተው መጡ። እልል አሉላት፤ የአስካለ እልልታ መሀል ላይ ተሰበረ። አቅፋት ቆየች። «ምነው አስካለ፣ ለእኔ ልጅ አንቺ ታለቅሻለሽ?» አለች ትርንጎ እየሳቀች። አስካለ በትርንጎ ትከሻ ላይ አሻግራ አየችኝ። እንደምለምናት ገብቷት ይሁን እሷ እየለመነችኝ፣ አልለየሁትም። ብቻ ሁለታችንም ዝም አልን።

ከዚያ ወዲያ ሦስት ጊዜ ልነግራት አፌን ከፍቻለሁ። ሊጥ ስታቦካ አንድ ጊዜ። የዳዊትን አንሶላ ስታነጥፍ አንድ ጊዜ። «ወንድምዓለምም አብሮት ቢመጣ እንዴት በሞላልኝ» ስትል አንድ ጊዜ። ለሷ ብዬ ነው የተውኩት ወይስ ፈርቼ፣ አላውቅም። ዐሊ ቢያየኝ አያናግረኝም ነበር።

አሁን አሥራ ሁለት ሰዓት አልፏል። ቅድም ከጎኔ ተቀምጣ «እስቲ ያንን በረሃህን አውራልኝ» አለችኝ። በሠላሳ ዓመት ውስጥ ጠይቃኝ አታውቅም፤ ያ አገር መጀመሪያ ባሏን፣ ቀጥሎ ልጇን የወሰደባት ባላንጣዋ ነበር። ዛሬ ግን ልጇን ሊመልስላት ነው፤ ታርቃዋለች። አወራኋት። ሴቶቹ ቤታቸውን ነቅለው፣ ምንጣፉን ጠቅልለው፣ በአንድ ግመል ጭነው በግማሽ ሰዓት ውስጥ ሲጠፉ አወራኋት። ጣሪያ በሌለበት መተኛትን አወራኋት። አንድ መቶ አርባ ሜትር ቆፍረን የጣፈጠ ውሃ ስናገኝ ሽማግሌዎቹ ልብሳቸውን እንደለበሱ ሥሩ ገብተው እንደ ልጅ የተረጫጩበትን ቀን አወራኋት። ሊጥ ያለበትን እጇን አፏ ላይ ይዛ ስቃ ስቃ እንባዋ ወጣ። እኔም ሳቅኩ። ወሬው እንዳያልቅ እየፈራሁ ጨመርኩላት፤ ያላየሁትን ሁሉ ጨመርኩላት።

አሁን ተነሥታ ሊጡን ሸፈነችው። ዳቦው ዳዊት ሲገባ ትኩስ መሆን አለበት ትላለች።

«ነገ በማለዳ ቀስቅሰኝ» አለችኝ።

እሺ አልኳት።